ከካንሰር ጋር ለሚኖሩ ወገኖቻችን፦ የልቡና ዕድገትና ጤናማ ልማድ



በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ በከተማም ሆነ በገጠር ቀበሌ፣ ሕሙማንን እየዞሩ የሚጠይቁ ወገኖች ካንሰር ያለበት ሰው ወደሚገኝበት ቤት ሲገቡ ብዙ ጊዜ የሚቀበላቸው ዝምታ ነው። ቤተሰቡ የበሽታውን ስም አይጠራም፤ ጠያቂውም አይጠይቅም፤ ሕመምተኛው ደግሞ ሌሎች የሚደብቁትን ነገር እርሱም እንደማያውቅ ሆኖ ይተኛል። ሁሉም የሚያስቡት መጨረሻውን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ከካንሰር ጋር የሚኖር ሰው ወራትን፣ አንዳንዴም ብዙ ዓመታትን ይኖራል፤ በጊዜ ታክሞ ፈጽሞ የሚድንም አለ። ታዲያ ይህ ጊዜ ሞትን መጠበቂያ ብቻ ነው ወይስ የሕይወት አንዱ ክፍል?

በዚህ ትምህርት ሦስት ነገሮችን እንመለከታለን። አንደኛ፣ ሰው ከካንሰር ጋር እየኖረ በልቡናው ሊያድግ ይችላልን? ሁለተኛ፣ ለዚህ የሚረዱት የዕለት ተዕለት ልማዶች የትኞቹ ናቸው? ሦስተኛ፣ የጠያቂውና የካቴኪስቱ ድርሻ ምንድን ነው? መልሱን በአጭሩ አስቀድመን እንናገር። ዕድገት ይቻላል፤ ነገር ግን ዕድገቱ በሽታው የሚሰጠው ስጦታ አይደለም፤ ከሕመምተኛውም እንደ ዕዳ የሚጠየቅ አይደለም። እውነት ሲነገር፣ ሥቃይ ሲታገሥ፣ ጓደኛ ሲገኝና ትንንሽ መልካም ልማዶች ሲጸኑ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነገር ነው።

1. ስሙን በትክክል መጥራት

አባቶቻችን ካንሰርን ነቀርሳ ይሉት ነበር። ቲቢንም የሳንባ ነቀርሳ እያልን ስንጠራ ኖረናል። ሁለቱ በሽታዎች በስም ይቀራረቡ እንጂ በባሕርያቸው ፈጽመው የተለያዩ ናቸው። ቲቢ በተሕዋስያን የሚመጣና በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ሲሆን፣ ካንሰር ግን የሰውየው የራሱ ሕዋሳት ከሥርዓታቸው ወጥተው ያለ ልክ ሲራቡ የሚከሠት ነው። ስለዚህ ካንሰር በትንፋሽ፣ በመጨባበጥ፣ ከአንድ ማዕድ በመብላት ወይም በአንድ ዋንጫ በመጠጣት አይተላለፍም። የማሕፀን በር ካንሰርን የሚያስከትለው ኤች.ፒ.ቪ. የተባለው ቫይረስና የጉበት ካንሰርን ሊያስከትል የሚችለው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋሉ፤ ካንሰሩ ራሱ ግን አይተላለፍም።

ይህን ማወቅ ቀላል ነገር እንዳይመስለን። የሕመምተኛው ሳህንና ብርጭቆ ለብቻው ሲቀመጥ፣ የልጅ ልጆቹ ወደ መኝታው እንዳይቀርቡ ሲከለከሉ፣ ሰውየው ሳይሞት ከቤተሰቡ ተለይቷል ማለት ነው። እንዲሁም በሽታው የኃጢአት ቅጣት ወይም የሰው እርግማን ነው የሚለው አነጋገር ከሕመሙ በላይ ያቆስላል። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በጠየቁት ጊዜ፣ እርሱም ሆነ ወላጆቹ በመበደላቸው እንዳልሆነ ማስረዳቱን ካቴኪስቶች ደጋግመው ሊያስተምሩ ይገባል።

በሀገራችን ሴቶችን ከሁሉ ይልቅ የሚያጠቁት የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር ናቸው። ሁለቱም በጊዜ ከተደረሰባቸው ሊታከሙ የሚችሉ ሲሆኑ፣ ብዙዎች ወደ ሐኪም የሚሄዱት ግን በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። ሕክምናውም ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞቴራፒ የሚባለው የመድኃኒት ሕክምናና የጨረር ሕክምና ነው። የጨረር ሕክምና በኢትዮጵያ ከሃያ ዓመት በላይ ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሌሎች ከተሞችም ተጀምሯል። ኬሞቴራፒ ደግሞ በባሕር ዳር በፈለገ ሕይወት ሆስፒታልና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሰጣል። ያም ሆኖ ከእንጅባራ እስከ ባሕር ዳር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ፣ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ የተዘጋባቸው ጊዜያት ስለ ነበሩ፣ ቀጠሮ ያመለጣቸው ሕሙማን ሥቃይ እጥፍ ሆኗል። እንግዲህ ከካንሰር ጋር መኖር ማለት በመንገድ፣ በወረፋ፣ በቀጠሮና በመጠባበቅ መኖር ማለት ነው። የሰው ልቡና የሚጎዳውም ሆነ የሚያድገው በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ ነው።

2. የልቡና ዕድገት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሪቻርድ ቴዴስኪና ሎረንስ ካልሁን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት ከባድ መከራ የደረሰባቸውን ሰዎች ለረጅም ጊዜ አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመከራ ጋር ከሚደረግ ትግል በኋላ በሰው ላይ የሚታየውን መልካም ለውጥ በ21 ዐረፍተ ነገሮች የሚለካ መጠይቅ አቅርበዋል። ለውጡንም በአምስት መስኮች ከፍለውታል። እኛም እያንዳንዱን በራሳችን ኑሮ ብንመለከተው እንዲህ ይመስላል።

ሀ/ ከሰው ጋር ያለ ግንኙነት መጥበቅ። በድንበር ምክንያት ከወንድሙ ጋር ለዓመታት ሳይነጋገር የኖረ ሰው ሲታመም ሽማግሌ ልኮ ይታረቃል። ለሌሎች ስታዝዝ የኖረች እናት የልጆቿን እጅ ተቀብላ መታጠብንና መጉረስን ትማራለች። ርዳታን መስጠት ብቻ ሳይሆን መቀበልም ፍቅር መሆኑን ትገነዘባለች።

ለ/ አዲስ መንገድ ማየት። በ2011 ዓ.ም. በሀገራችን የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀመር፣ የራሷን ሕመም የምታውቅ እናት ልጇንና የጎረቤቷን ልጅ ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ብትሄድ፣ ሕመሟ ለሌላው መከላከያ ሆነ ማለት ነው።

ሐ/ የራስን ጥንካሬ ማወቅ። ከዚህ በፊት ከወረዳው ወጥቶ የማያውቅ ገበሬ በትልቅ ከተማ ሆስፒታል ክፍል ለክፍል እየጠየቀ፣ መርፌውንም ማቅለሽለሹንም ችሎ ሕክምናውን ይፈጽማል። ቀድሞ አልችለውም ያለውን ነገር መቻሉን ያያል።

መ/ መንፈሳዊ ለውጥ። ጸሎቱ ከልምድ ወደ ልብ ይገባል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ለውጡ የሚጀምረው በጥያቄና በቅሬታ ነው፤ ይህም ራሱ የእምነት ጉዞ ክፍል ነው።

ሠ/ ለሕይወት የሚሰጥ ዋጋ መጨመር። የጠዋት ፀሐይ፣ የቡና ሽታ፣ የገብስ ማሳ መብሰል፣ ቀድሞ እንደ ተራ ይታዩ የነበሩ ነገሮች ከፍ ያለ ዋጋ ያገኛሉ።

በሀገራችን ከዚህ ጋር የሚስማማ በአደባባይ የታወቀ ምሳሌ አለ። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ሕፃን ልጃቸውን ማቴዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በስሙ ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ ስለ ካንሰር ከሚሰጠው ትምህርት በተጨማሪ፣ ለሕክምና ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ መጥተው ማረፊያ ለሚያጡ ሕሙማን መጠለያ በማዘጋጀት ይታወቃል። የልጅ ሞት በጎ ነገር ነበር የሚል ማንም የለም። ወላጆቹ በሐዘናቸው ላይ ያደረጉት ግን ለማያውቋቸው ሰዎች ቤት ሆነ።

3. ዕድገት ዕዳ አይደለም

በዚህ ነጥብ ላይ ከፍ ያለ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከላይ የተጠቀሱት ሊቃውንት ራሳቸው እንዳስገነዘቡት፣ ዕድገቱ የሚመጣው ከመከራው ሳይሆን ከመከራው ጋር ከሚደረገው ትግል ነው። ደግሞም ዕድገትና ሐዘን በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ዛሬ ጠዋት እግዚአብሔርን ያመሰገነ ሰው ማታ ሊያለቅስ ይችላል፤ ሁለቱም እውነተኛ ናቸው። ምንም ዓይነት ዕድገት ሳይሰማው በሕመሙ ብቻ ደክሞ የሚያልፍም ሰው አለ፤ እርሱም በእግዚአብሔር ፊት የከበረ ነው።

ይህን ጉዳይ በአካባቢያችን ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር፣ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን ያስባል። የሚከብረው የሰዎቹ ጽናትና አብሮነት እንጂ ጦርነቱ አይደለም። ጦርነት ስላስተማረን እንደገና ይምጣ የሚል የለም። ካንሰርም እንዲሁ ነው። ሕመምተኛው ስላሳየው ጽናት እናከብረዋለን፤ በሽታውን ግን አናመሰግንም፤ ሕመምተኛው እንዲያመሰግነውም አንጠይቅም።

ሌላም ስሕተት አለ። ልብህ ከበረታ ትድናለህ፣ እምነትሽ ጠንካራ ከሆነ በሽታው ይሸነፋል የሚለው አነጋገር ለማበረታታት የሚነገር ቢሆንም፣ በሽታው በበረታ ጊዜ ጥፋቱን በሕመምተኛው ላይ ያሳርፋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሞ የወጣ ጥናት የራስና የአንገት ካንሰር ያለባቸውን 1,093 ሕሙማን ተከታትሎ፣ የስሜታቸው ሁኔታ በሕይወት የሚቆዩበትን ጊዜ እንዳልወሰነ አሳይቷል። ስለዚህ የተከዘ ሰው በመተከዙ ሞትን እየጠራ አይደለም፤ የሞተውም ሰው እምነት ስላነሰው አልሞተም። ተስፋና ደስታ የሚፈለጉት የቀረውን ሕይወት መልካም ስለሚያደርጉት ነው፤ ይህም ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

4. እውነቱን እንዴት እንንገር?

በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ሐኪሙ ውጤቱን ለልጆች ይናገራል፤ ልጆችም ከአባታቸው ይደብቃሉ። ይህ ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን ሕመምተኛው ከፊታቸው ያነብበዋል፤ ከዚያ በኋላ ፍርሃቱን የሚያካፍለው ሰው ያጣል። ምን እንደ ታመመ የማያውቅ ሰውም ከባድ ሕክምናን እስከ መጨረሻ ለመታገሥ ምክንያት አይኖረውም፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀጠሮ ያቋርጣል። የሚታረቀውን ለመታረቅ፣ የሚናዘዘውን ለመናዘዝ፣ ስለ መሬቱና ስለ ልጆቹ የሚወስነውን ለመወስን ዕድል አያገኝም።

ባህላችን ከባድ ነገርን የመንገር ጥበብ አለው። መርዶ በመንገድ ላይ አይነገርም፤ ሰውየው ብቻውን ሳለም አይነገርም፤ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጊዜው ተመርጦ፣ ቃሉ ተለክቶ ይነገራል። ይህንኑ ጥበብ ለሕመም ወሬ ልንጠቀምበት እንችላለን። በመጀመሪያ ሕመምተኛው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ይጠየቅ፤ የሚወደው ሰው አጠገቡ ይኑር፤ በግልጽ ቃል ጥቂት በጥቂት ይነገር፤ ከተነገረም በኋላ ሁሉም ተነሥቶ አይሂድ፤ አብሮት የሚቀመጥ ሰው ይቅር። በዞናችን ብዙ አረጋውያን የልባቸውን የሚናገሩት በአዊኛ ነው። አማርኛ ቢሰሙም እንኳ የፍርሃትና የተስፋ ቃል በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲነገር ይገባል። ስለዚህ ቋንቋውን የሚያውቅ ካቴኪስት ወይም የቤተሰብ አባል ወደ ሐኪም ቤት አብሮ ቢሄድ ትልቅ አገልግሎት ነው።

5. ጤናማ የዕለት ልማዶች

ልማድ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ነገ ምን እንደሚሆን ለማያውቅ ሰው ዛሬ የሚያደርገውን ማወቅ መደገፊያ ይሆነዋል። የሚከተሉት ልማዶች ሕመምተኛው ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ እንደ ዐቅሙ የሚይዛቸው ናቸው።

ቀጠሮን መጠበቅ። የቀጠሮ ወረቀቶችና የምርመራ ውጤቶች በአንድ ቦታ ይቀመጡ። ለሐኪሙ የሚቀርቡ ጥያቄዎች አስቀድመው ይጻፉ። ሕመምተኛው ጠበል የሚጠመቅና የሚጠጣ ከሆነ፣ ወይም የባህል መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገር። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም፤ ሐኪሙ የሚያስፈልገው የባህል መድኃኒቱ ከሚሰጠው መድኃኒት ጋር የሚጋጭ እንዳይሆን ማወቅ ነው። በኬሞቴራፒ ጊዜ የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል፤ መድኃኒቱ ሰውነት ተሕዋስያንን የሚከላከልበትን ዐቅም ስለሚቀንስ ትንሽ ትኩሳት ለሕይወት አስጊ ሊሆን ይችላል።

አመጋገብ። ካንሰርን የሚፈውስ አንድ የተለየ ምግብ የለም፤ ሰውነት እንዳይከሳ መጠበቅ ግን ሕክምናውን ለመቋቋም ይረዳል። ምግብ ሲያስጠላ በአንድ ጊዜ ብዙ ከመብላት ይልቅ ጥቂት ጥቂት ደጋግሞ መብላት ይሻላል። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ የፈላ ወተት፣ ድንች፣ ጎመን፣ የገብስ አጥሚትና በሶ በቤታችን የሚገኙ መልካም ምግቦች ናቸው። በሕክምናው ወቅት ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት መወገድ አለባቸው። ስለ ጾምም ግልጽ መሆን ይገባል፤ ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን በጾም አታስገድድም። ሕመምተኛው ይህን ሳያውቅ በኅሊና ወቀሳ እየተራበ ከሆነ፣ ካህኑ ወይም ካቴኪስቱ በግልጽ ሊያስረዳው ይገባል።

እንቅስቃሴ። ቀድሞ ካንሰር ላለበት ሰው ይሰጥ የነበረው ምክር ተኛ፣ ዕረፍ የሚል ነበር። ዛሬ ግን ልከኛ እንቅስቃሴ ድካምን እንደሚቀንስና እንቅልፍን እንደሚያሻሽል ታውቋል። በ2025 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ፣ አብዛኞቹ በካናዳና በአውስትራሊያ በሚገኙ 889 የአንጀት ካንሰር ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሕክምናቸውን ከጨረሱ በኋላ ለሦስት ዓመት በአሠልጣኝ ምክር የተንቀሳቀሱት ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። ከአምስት ዓመት በኋላ በሽታው ሳይመለስባቸው በሕይወት የተገኙት፣ ከተንቀሳቀሱት ከ100ው 80 ያህሉ ሲሆኑ፣ የጽሑፍ ምክር ብቻ ከተሰጣቸው ግን ከ100ው 74 ያህሉ ናቸው። ለእኛ ሰው አሠልጣኙ ጎረቤቱ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ከፈቀደ በሳምንት ሦስት ቀን ለ30 ደቂቃ መራመድ፣ ካልተቻለም ከቤት እስከ በር፣ ከበር እስከ ማሳ ጥቂት ጥቂት መጀመር ይቻላል።

እንቅልፍና ሥራ። በተወሰነ ሰዓት መተኛትና መነሣት፣ ቀን ቀን ከመኝታ ወጥቶ ብርሃን ማየት ይረዳል። ሕመምተኛው ሥራ ሁሉ አይቀማ። ጥጥ መፍተል፣ እህል መልቀም፣ ልጆችን ማስጠናት፣ ቀርከሃ መሥራት የሚችል ይሥራ። ለቤቱ አሁንም እንደሚጠቅም የሚያውቅ ሰው ራሱን አይጥልም።

መጠጥና ትምባሆ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1988 የአልኮል መጠጥን ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መካከል መድቦታል። አረቄ ሕመምን ያስረሳል እየተባለ ለሕመምተኛ መስጠት ስለዚህ ርዳታ አይደለም። ትምባሆም ከሕክምና በኋላ እንኳ ማቆም ይጠቅማል።

6. ሥቃይንና ድባቴን አለመናቅ

ሥቃይን ዝም ብሎ መቻል ጀግንነት ነው የሚል አመለካከት በመካከላችን አለ። ይሁን እንጂ ሌሊቱን በሥቃይ የሚገለባበጥ ሰው መጸለይም፣ መታረቅም፣ ማሰብም ያቅተዋል። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲስሊ ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ ስትመሠርት፣ የሕመምተኛው ሥቃይ የአካል፣ የልቡና፣ የማኅበራዊ ኑሮና የመንፈስ መሆኑን፣ አራቱም አብረው መታከም እንዳለባቸው አስተምራለች። በሀገራችንም ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት በአዲስ አበባ በዚሁ መንፈስ ሕሙማንን በየቤታቸው ሲያገለግል ቆይቷል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1957 ለሐኪሞች ባደረጉት ንግግር የሥቃይ ማስታገሻ መድኃኒትን መጠቀም ከክርስትና ሕይወት ጋር እንደማይጋጭ አስረድተዋል። ስለዚህ ማስታገሻ መጠየቅ ድካምም ኃጢአትም አይደለም።

ትካዜ ከሕመም ጋር የሚመጣ የተፈጥሮ ነገር ነው። ነገር ግን ሕመምተኛው ከሁለት ሳምንት በላይ ቀኑን ሙሉ ካዘነ፣ የሚወደው ነገር ሁሉ ካስጠላው፣ እንቅልፍና ምግብ ካጣ፣ ራሱን እንደማይረባ ከቆጠረ ይህ ድባቴ የተባለው ሕመም ሊሆን ይችላል። ድባቴ የእምነት ማነስ አይደለም፤ በምክርና በመድኃኒት የሚታከም ሕመም ነው። ሕይወቱን ስለ ማጥፋት ከተናገረ ብቻውን ሳይተው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። የሚያስታምመውም ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሚስት ወይም ሴት ልጅ፣ ይደክማል፤ እርሷንም የሚጠይቅና ተራ የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋል።

7. የጠያቂውና የካቴኪስቱ ድርሻ

የኢዮብ ወዳጆች በመጀመሪያ ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀምጠው አንድ ቃል አልተናገሩም። እስከዚያ ድረስ መልካም ጠያቂዎች ነበሩ። የከፋው አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት ማስረዳት በጀመሩ ጊዜ ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ሁሉም በምክንያት ነው፣ ከአንተ የባሰ አለ፣ እገሌም በዚሁ ሞተ የሚሉ ቃላት ከአፋችን ይውጡ። በእነርሱ ፈንታ እንዴት አደርህ፣ ዛሬ ምን ከበደህ፣ ምን ላድርግልህ ማለት ይበቃል።

ከላይ ካየናቸው ሁለት ጥናቶች አንድ ነገር ልብ እንበል። ሕመምተኛውን ጠንክር እያሉ ማዘዝ ዕድሜውን እንደሚጨምር ማስረጃ አልተገኘም፤ አብሮ መራመድ ግን ይጠቅማል። ስለዚህ ጠያቂ ከምክሩ ይልቅ እግሩንና እጁን ይስጥ። በሳምንት ሁለት ቀን አብሮ የሚራመድ፣ ወደ ባሕር ዳር በሚሄድበት ቀን አብሮ የሚሳፈር፣ አጥሚት አፍልታ የምትመጣ፣ በአጨዳ ጊዜ ማሳውን በደቦ የሚሰበስብለት ወገን የልቡና ዕድገት የሚበቅልበትን መሬት እያዘጋጀ ነው።

እድሮቻችንም ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። አባሉ ሲሞት ድንኳን የሚተክልና ገንዘብ የሚሰጥ እድር፣ በሕይወት ሳለ የትራንስፖርቱን ወጪ ከፊል ቢሸፍን ምናልባት ድንኳኑ ባልተፈለገ ነበር። ሴቶች ከ30 እስከ 49 ዓመት ባለው ዕድሜ የማሕፀን በር ምርመራ እንዲያደርጉ፣ በጡታቸው ላይ እብጠት ያገኙም ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲመረመሩ በእድር ስብሰባና ከቅዳሴ በኋላ ማስታወስ ይቻላል።

ምሥጢረ ቀንዲልንም በተመለከተ፣ ካህን የሚጠራው ሰውየው ሊሞት ሲል ነው የሚለው አስተሳሰብ እንዲታረም ያስፈልጋል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 እንዳስረዳው ይህ ምሥጢር በሞት አፋፍ ላሉት ብቻ የተሠራ አይደለም። በከባድ ሕመም መጀመሪያ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት ሊቀበሉት ይቻላል፤ ሕመሙ ሲበረታም ይደገማል። ካህኑን ዘግይቶ የሚጠራ ቤተሰብ ሕመምተኛው ሊጽናናበት ይችል የነበረውን ጊዜ ያስመልጠዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ሰው ሥቃይ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት መጨረሻ ያቀረቡልን ደጉን ሳምራዊ ነው። ሳምራዊው የቆሰለውን ሰው ከቁስልህ ምን ተማርህ ብሎ አልጠየቀውም፤ ቁስሉን አሰረለት፣ በከብቱ ላይ ጫነው፣ የማደሪያውን ሒሳብ ከፈለለት።

8. ማጠቃለያ

ክቡራን ምእመናን፤ ከካንሰር ጋር የሚኖር ሰው ገና ሕያው ሰው ነው። ሊማር፣ ሊታረቅ፣ ሊሥራ፣ ሊስቅ፣ ሊያስተምረንም ይችላል። ይህ ቢሆን እናመሰግናለን፤ ባይሆንም ፍቅራችን አይጎድልበትም። የእኛ ድርሻ ስሙን ሳንፈራ መጥራት፣ እውነቱን በጥበብ መናገር፣ ቀጠሮው እንዳይስተጓጎል መርዳት፣ ሳህኑን ከሳህናችን አለመለየትና መንገዱን አብረነው መሄድ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ካንሰር በምን በምን ስም ይጠራል? ስሞቹ በሕመምተኛውና በቤተሰቡ ላይ ምን ያሳድራሉ?
2. ለማጽናናት ብለን የምንናገራቸውና ሕመምተኛን ሊያቆስሉ የሚችሉ ቃላት የትኞቹ ናቸው? በምን እንተካቸው?
3. በቁምስናችን ወይም በእድራችን ለሕክምና ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሱ ሰዎች አሉን? አብሯቸው የሚሄድ ሰው በተራ መመደብ እንችላለን?
4. ከአምስቱ የልቡና ዕድገት መስኮች በአንድ ሕመምተኛ ወይም አስታማሚ ላይ ያየነው አለን? ስም ሳንጠራ እንወያይበት።